የብዝኃነት ሥልጠና ለተማሪ መሪዎች፦ ከአዳራሽ ንግግር ወደ ተግባር ልምምድ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የሚገቡት በአብዛኛው በአገር አቀፍ ምደባ በመሆኑ፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው የተለያየ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀራርበው የሚኖሩት በአንድ የመኝታ ክፍል ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን ሕይወት የቀጠፈው ግጭት ካስከተለው መዘዝ እንደታየው፣ በአንድ ግቢ የተነሣ ጠብ ወደ ሌሎች ተቋማት ይዛመታል፤ ትምህርት ይቋረጣል፤ ተማሪም ሻንጣውን አንሥቶ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል።

እንዲህ ባለው ሰዓት ከሁሉ ቀድሞ በስፍራው የሚገኘው የተማሪዎች ኅብረት አመራር ወይም የመኝታ ሕንፃ ተጠሪ ነው። ለዚህ ኃላፊነት የሚሰጠው ዝግጅት ግን አነስተኛ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ ወቅት የኅብረት አመራር አባል ሳለ ያገኘው ሥልጠና የግማሽ ቀን ነበር፤ ስለ መቻቻል ንግግር ተደረገ፣ ምሳ ተበላ፣ የምስክር ወረቀት ታደለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «እገሌን ደበደቡት» የሚል ወሬ በምሽት ሕንፃውን ሲያናውጥ፣ ወሬውን ማን እንደሚያጣራ፣ ለማን እንደሚደወል፣ የተቆጡትን ማን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያነጋግር ከአመራሩ መካከል የሚያውቅ አልነበረም። ተደበደበ የተባለው ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ሲያጠና ተገኘ፤ እስኪገኝ ድረስ ግን የሁለት ክፍሎች በር ተሰብሮ ነበር።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ሥራ፣ የተለያዩ ቡድኖች መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው እኩልነት፣ የጋራ ግብ፣ ትብብርና የተቋም ድጋፍ ሲኖር መሆኑን አመልክቷል። ጎን ለጎን ተቀምጦ ንግግር ማዳመጥ ብቻውን ይህን አያሟላም።

ስለዚህ ሦስት ለውጦች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ሥልጠናው ነባርና አዲስ ተማሪዎች ወደ ግቢ ከመግባታቸው በፊት ይጀመር፤ በዓመቱ ውስጥም ይደጋገም። ሁለተኛ፣ ይዘቱ በግቢ ውስጥ በሚያጋጥሙ ጉዳዮች ላይ ይመሥረት፦ ያልተጣራ ወሬ፣ የመኝታ ክፍል ድልድል ቅሬታ፣ በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ላይ የተጻፈ ዘር ጠቀስ ስድብ። ቋንቋቸው የተለያየ መሪዎችም ጥንድ ጥንድ ሆነው መፍትሔውን ይለማመዱ። ሦስተኛ፣ ፕሮክተሮችና የጥበቃ ኃላፊዎች አብረው ይሠልጥኑ፤ አስተዳደሩ ስልኩን የማያነሣለት መሪ በተማሪው ዘንድ ተሰሚነት አይኖረውምና።

የግጭቱ ምንጭ ከግቢ ውጭ ያለው ፖለቲካ ስለሆነ ሥልጠና ፋይዳ የለውም የሚሉ አሉ። ስለ ምንጩ የሚሉት ሚዛን ይደፋል፤ የተማሪ መሪ የአገርን ፖለቲካ ሊያቃና አይችልም። ነገር ግን ወሬው ከተሰማበት አንሥቶ የመጀመሪያው ድንጋይ እስኪወረወር ያለችው ጊዜ በግቢው እጅ ናት። የሥልጠናው መመዘኛ ሊሆን የሚገባውም መሪው በዚያች ጊዜ ማድረግ የቻለው ነው።