ለቤት መጻሕፍት ግጻዌ

የጥንት ጸሐፍት የብራናውን ሥራ ፈጽመው ብርዓቸውን ከማኖራቸው በፊት በመጽሐፉ መጨረሻ የሚያሰፍሩት የልመና ቃል አለ፤ በዚያም ቃል መጽሐፉን ለጻፈው፣ ዋጋውን ከፍሎ ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጐመውና ንባቡን ለሰማው ሁሉ እግዚአብሔር በአንድነት ምሕረትን እንዲሰጥ ይለምናሉ። መጽሐፉን የሰረቀውንና ጽሕፈቱን የፋቀውን ደግሞ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዙታል። ይህን ልመናና ይህን ውግዘት አስተውሎ የተመለከተ ሰው፣ መጽሐፍን ገዝቶ፣ ከአቧራና ከብል ጠብቆ፣ በመደርደሪያ ላይ አሳምሮ፣ ነገር ግን ሳያነበው የሚኖር ባለቤት ከሁለቱ ወገን በአንዱም እንዳልተቈጠረ ያስተውላል። የበጉና የፍየሉ ቆዳ ተወጥሮ ሲፋቅ፣ ቀለሙ ሲበጠበጥ፣ አንድ ዳዊት እንኳ ተጽፎ እስኪጠረዝ ወራት በሚያልፍበት ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ጸሐፊ የነበረ አይመስለኝም፤ ያን ያህል የተደከመበት ነገር ሁሉ የሚጻፈው ሊነበብ ነበርና።

ዛሬ የመጽሐፍ ባለቤትነትና የመጽሐፍ አንባቢነት ተለያይተዋል። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ መጽሐፍን ማግኘት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየቀለለ ስለ ሄደ፣ ጥቂት ገንዘብ በኪሱ የያዘ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ በብሔራዊ ቲያትር ዙሪያ ወይም በመርካቶ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ዘንድ ዞሮ፣ ዓመት ሙሉ አንብቦ የማይጨርሰውን በፌስታል ሞልቶ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ይህን የሚያደርገውን ሰው ከንቱ ውዳሴ ፈላጊ እያሉ የሚነቅፉት አሉ፤ እኔ ግን በዚህ ነቀፋ አልስማማም። በእኛ አገር መጽሐፍ ወዳድ የሆነ ሰው ለማንበብ ጊዜ ሳያገኝ አስቀድሞ የሚገዛው፣ ዛሬ በእጁ ያላስገባውን ነገ እንደማያገኘው ከዘመኑ ስለ ተማረ ነው። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከአንባቢው እጅ በቅጡ ሳይገባ ከገበያ ሲለቀም ያየ ትውልድ፣ ሌሎችም መልካም መጻሕፍት አንድ ጊዜ ታትመው ካለቁ በኋላ ደግሞ የሚያሳትማቸው ጠፍቶ ለብዙ ዘመን ሲቀሩ የተመለከተ ሰው፣ መጽሐፍን እንደ እህል ለክፉ ቀን ቢያከማች አይፈረድበትም። በእኔም ቤት በዚሁ ምክንያት ተሰብስበው ተራቸውን የሚጠባበቁት መጻሕፍት ብዙ ናቸው።

እነርሱን ለማንበብ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ሥራ መዝገብ ማዘጋጀት ነው ብዬ አምናለሁ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአገራችን የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ስም በዝርዝር ጽፈው በ1904 ዓ.ም. ማሳተማቸው፣ በ1920 ዓ.ም.ም እንደ ገና አስፋፍተው ማውጣታቸው፣ ያለውን ሳያውቁ የጐደለውን መሙላት እንደማይቻል ተረድተው ነውና፣ ለአገር የበጀው ሥርዓት ለአንድ ቤት አያንስም። በተራ ደብተር ላይ የመጽሐፉን ስም፣ የደራሲውን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ከየት እንደ መጣ መጻፍ ይበቃል። እንዲህ ተጽፈው ሲታዩ፣ በመደርደሪያ ላይ ሳሉ አንድ ክምር ይመስሉ የነበሩት መጻሕፍት ጠባያቸው ይለያያል፤ አንዳንዱ ከወዳጅ በስጦታ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ለጥያቄ መልስ ሊፈለግበት እንጂ ከዳር እስከ ዳር ሊነበብ ያልተዘጋጀ ነው፤ እንደ ዳኛቸው ወርቁ አደፍርስ ያለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ አንባቢውን በብርቱ ስለሚፈትን ተጀምሮ የተተወ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ወገን ነው፤ እርሱም ሰምተነው ሳለ ያነበብነው የሚመስለን መጽሐፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን የሀዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብርን ያላወቀ ሰው በመካከላችን አይገኝም፤ ነገር ግን ከምናውቀው ሰዎች ብዙዎቻችን ያወቅነው ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው በጆሯችን ነው። ያ ድምፅ ትልቅ ጸጋ ነበረ፤ ማንበብ ያልተማሩ አባቶችና እናቶች ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል እንዲያለቅሱ ያደረገ ድምፅ ነውና ውለታው አይከፈልም። ይሁን እንጂ ድምፅ በራሱ ፍጥነት ያልፋል፤ አድማጩም ተከትሎት ይሄዳል እንጂ ቁሞ አያሰላስልም። መጽሐፉን በእጁ ይዞ በዝግታ የሚያነበው ሰው በአንጻሩ፣ የማንኩሳው ልጅ በዛብህ በወላጆቹ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ በቆሎ ተማሪነት ከደጅ ወደ ደጅ የሚሄድበትን ኑሮ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሩ ጋራ የተጣሉበትን የግብር ነገርና አበጀ በለው ባላገሩን ይዞ የተነሣበትን ምክንያት፣ ጉዱ ካሣም ስለ ሥርዓቱ የሚናገረውን ረጅም ነገር በየቦታው እያቆመ፣ ወደ ኋላም ተመልሶ እየመረመረ ሲሄድ፣ በጆሮው የፍቅር ታሪክ ሆኖ የገባለት መጽሐፍ ከዚያ ጋራ አንድ ሥርዓተ ማኅበር ከመሠረቱ የሚመረመርበት ታላቅ ክርክር እንደ ሆነ ያገኘዋል። ስለዚህ በመዝገቤ ላይ ይህን መጽሐፍ ካልተነበቡት ጋራ ጽፌዋለሁ።

መዝገቡ ከተጻፈ በኋላ ብዙ ሰዎች የሚያደርጉት ሁሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ አነባለሁ ብሎ ለራስ መማል ነው፤ ይህም መሐላ ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው መጽሐፍ አያልፍም። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ከእኛ ይልቅ ጥበበኛ ናት። በዕቃ ቤቷ ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ አትነሣም፤ ለእያንዳንዱ ግን ቀንና ጊዜ ወስናለታለች። ለየዕለቱ የሚነበበውና የሚሰበከው ምን እንደ ሆነ ግጻዌው ያመለክታል፤ ስንክሳሩ መስከረም 1 ቀን ይጀመርና ለየቀኑ የተመደበለት እየተነበበ ከዓመት እስከ ዓመት ይደርሳል፤ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ በጾመ ፍልሰታ ይሰማል፤ ግብረ ሕማማት በሰሙነ ሕማማት ከጥዋት እስከ ማታ ይነበባል። ግብረ ሕማማት በጥቅምት ወር ተዘግቶ ቢቀመጥ ዕዳ ሆነብን የሚል ካህን የለም፤ ጊዜው እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃልና።

እኔም ለቤቴ መጻሕፍት እንዲህ ያለ ግጻዌ አወጣሁ። ብዙ ገጽ ያላቸውንና ብዙ ሰው የሚመላለስባቸውን ረጃጅም ልብ ወለዶች ለሐምሌና ለነሐሴ ሰጠኋቸው፤ ዝናሙ ሰውን በቤት በሚያስቀምጥበት በዚያ ወራት ከመቶ ገጽ በላይ የሄደ ታሪክ ሳይቋረጥ በልብ ሊያዝ ይችላልና። የታሪክና የሃይማኖት መጻሕፍት የሁዳዴ ሆኑ። አጫጭር ታሪኮችና ግጥሞች ወር አልተመደበላቸውም፤ በታክሲ ሰልፍና በባንክ ወረፋ ላይ የሚነበቡ ስለ ሆኑ በቦርሳ ውስጥ ይዞራሉ።

ለንባብ አይደለም የሚባለውም መጽሐፍ በዚህ ሥርዓት ቦታ አግኝቷል፤ ይህንም ስል በ1948 ዓ.ም. በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ማለቴ ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ከእርሳቸው ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ተረክበው በኢየሩሳሌምና በአገራቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ እርሳቸውም መጽሐፉ በማተሚያ ሳይወጣ ስላረፉ፣ በተራቸው ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አደራውን ጠብቀው ለኅትመት አበቁት። ሦስት ሊቃውንት አንዱ ከሌላው እየተቀበሉ ያደረሱልንን መጽሐፍ አንድ ቃል ሲቸግረን ብቻ ከፍተን ወዲያው መዝጋት ለድካማቸው የሚመጥን ምላሽ አይደለም። ፊደሉ የተሰናዳው በለመድነው በሀለሐመ ተራ ሳይሆን በአበገደ ስለ ሆነ፣ እንግዳ አንባቢ የሚፈልገውን እስኪያገኝ ገጽ በገጽ ይባዝናል፤ ነገር ግን በየማታው ከእራት በኋላ አንድ ቅጠል ብቻ በዝግታ ለሚያነበው ሰው ያ ችግር ራሱ በረከት ይሆንለታል፤ የአንዱ ግስ ዘር ወደ ሌላው ሲመራው፣ ከዕብራይስጥና ከዐረብ ጋራ ሲያገናኘው፣ ቀን ሲናገረው የዋለው አማርኛ ከየት እንደ ወረደ እያየ ይሄዳልና።

በግጻዌው ላይ ቦታ ያጣ መጽሐፍም አለ፤ ወሩ ደርሶ፣ በዓመቱም ያው ወር ተመልሶ መጥቶ እጄ ያልሄደለት መጽሐፍ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ይዞ መቈየት ተገቢ አይመስለኝም። የወረቀት ዋጋ ከፍ ብሎ አዲስ መጽሐፍ ለተማሪ ኪስ የማይደፈር በሆነበት በዛሬው ጊዜ፣ በየክፍለ ሀገሩ ያሉ ብዙ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከመማሪያ መጽሐፍ በቀር የሚያስነብቡት ነገር የላቸውም። አንዱ ሰው በቤቱ ለዓመታት ያልከፈተው የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ በዚያ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ በአንድ ወር ውስጥ ጥራዙ እስኪላላ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት ከመዝገቤ ላይ በቀይ ምልክት ለይቼ፣ ወደ ገጠር የሚሄድ መምህር ባገኘሁ ቍጥር በጥቂት በጥቂቱ እልካቸዋለሁ፤ በላክኋቸውም ስፍራ ለሚመጣው ክረምት ያሰብኳቸውን አሰልፌአለሁ፤ በመጀመሪያም የተሰለፈው አደፍርስ ነው።