ከጂጂ ድምፅ ሥር ያለው ባስ

ወደ ጉባ የሚወርዱ መኪኖች ግልገል በለስን አቋርጠው ሲያልፉ ከሚያሰሙት ዘፈን መሀል የእጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) «ዓባይ» አይጠፋም። ነገሩ ይገባኛል። የዓባይ ግድብ የቆመው በእኛው መተከል ነው፤ ዘፋኟም የተወለደችው በጎረቤታችን ቻግኒ ነው። እዚህ ሰው ስለ ጂጂ ሲያወራ ቤተ ዘመዱን የሚያነሳ ይመስላል። እዚያው ዘፈን ላይ ስላለው ስለ ሌላው ሰው ግን የሚያወራ አላጋጠመኝም። ከተነሳም «ፈረንጁ አበላሻት» ለመባል ነው።

ፈረንጁ ቢል ላስዌል ነው፤ ኒውዮርክ የከተመ የባስ ጊታር ተጫዋችና ፕሮዲውሰር። እ.ኤ.አ. በ1983 ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር «ሮኪት»ን የሠራ፣ በኋላም የቦብ ማርሌይንና የማይልስ ዴቪስን የድሮ ቅጂዎች ፈትቶ እንደ አዲስ ያቀናበረ ደፋር ሰው ነው። ጂጂ ከቻግኒ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ናይሮቢ፣ ከዚያም ሳን ፍራንሲስኮ ደርሳ ከእሱ ጋር ተገናኘች። «ጂጂ» የተባለው አልበም በ2001 በክሪስ ብላክዌል ኩባንያ በፓልም ፒክቸርስ በኩል ወጣ። ኋላም ተጋቡ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል የሠሩትን እኔ የአንዲት ዘፋኝ ሥራ ብዬ መጥራት ያስቸግረኛል፤ የሁለት ሰው ሥራ ነው።

በዚያ አልበም ላይ ሃንኮክ፣ ዌይን ሾርተር፣ ፋሮዋ ሳንደርስ አሉበት። እንዲህ ያሉ የጃዝ አንጋፋዎች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ዘፋኝ መዋጧ አይቀርም ብሎ የሚሰጋ ሰው አይፈረድበትም። ጂጂ ግን አልተዋጠችም። ላስዌል ባሱን ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ከባሱ በላይ ያለውን ቦታ ባዶ ይተወዋል። ያ የዜማ መርገብገብ፣ ያ ከቤተ ክርስቲያን ዜማ የመጣ የሚመስል አነሳስ እንደልቡ የሚሄደው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ቦታውን ማን እንደተወላት አለመጠየቃችን ይቆጨኛል።

በ2003 ሁለት ነገር አወጡ፤ እኔ ሁለቱንም አብልጬ እወዳቸዋለሁ። «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» የመጀመሪያውን አልበም እንደገና አፍርሶ የሠራ ነው። ድምጿ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ከሩቅ ይመለሳል። ዘፈን የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ይናደዳል፤ እኔም ለእንግዳ አልከፍተውም። «ጽዮን ሩትስ» ደግሞ አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል ስም የወጣ ነው። ባለ ትልልቅ ስሙ ጭፍራ እዚያ የለም። ላስዌል ጊታርና ኪቦርድ ይዟል፤ ክራር አለ፤ የጂጂ እህት ትዕግሥት ሽባባውም በድምፅ አለች። አልበሙ በ«ባቲ» ይጀምራል። ባቲን በየሠርግ ቤቱ ስንሰማው ኖረናል፤ እዚህ ግን ማንም አይቸኩልም። ለእኔ የሁለቱ ሥራ ጫፍ ይሄ ነው፤ «ፈረንጁ አበላሻት» የሚለኝን ሰው ሁሉ መልስ ሳልሰጥ ይህን አስደምጠዋለሁ። (ትዕግሥት በ2006 ቦሌ ቱ ሃርለም በተባለው ሥራ ላይም ዘፍናለች፤ በ2008 አረፈች። ከታላቅ ስም ጥላ ሥር የቀረች ድምፅ ናት፤ ለብቻዋ አንድ ዓምድ ይገባት ነበር።)

«ጎልድ ኤንድ ዋክስ» በ2006 ሲመጣ ግን ከሐሜተኞቹ ጋር በግማሽ እስማማለሁ። ድምፁ በዛ፣ እንግዳው በዛ፤ በ2001 ባዶ ተትቶ የነበረው ቦታ ተሞላ። በ2010 «ምስጋና ኢትዮጵያ» ተከተለ፤ ከዚያ በኋላ ዝምታው ረዘመ። ሰው ዝምታውን ከትዳርና ከጤና ጋር እያያዘ ያወራል፤ እኔ እዚያ አልገባም። ስለ እኛ ስለ ሰሚዎቹ ድርሻ ግን አወራለሁ። ውጭ አገር የታተመ አልበም እዚህ የሚደርሰን እየተገለበጠ ነበር፤ መጀመሪያ በካሴት፣ ከዚያ በሲዲ፣ ከዚያ በፍላሽ። የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ «ጽዮን ሩትስ» በእጃችን ነበር። «የእኛ ልጅ» እያልን ለልጃችን አንድ ብር ያልከፈልን ብዙዎች ነን።

ወደ ቀያችን ልመለስ። በክልላችን የበርታ ሰዎች የቅል ጥሩምባ ሲነፉ እያንዳንዱ ነፊ የያዘው የራሱን ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ነው። በዚህ ባህል ያደገ ሰው «ዘፈን የአንድ ሰው ነው» የሚለውን ወግ ከየት እንዳመጣው አይገባኝም። ግልገል በለስ ውስጥ የሚዘፍን ወጣት ሞልቷል፤ በጉሙዝኛም፣ በአገውኛም፣ በአማርኛም። ወደ ስቱዲዮ ሲሄድ የሚጠብቀው ግን አንድ ኪቦርድና ለሁሉም የሚሆን አንድ ምት ነው። ግማሽ ቀን ይቀረጻል፣ ቪዲዮ ይሠራለታል፣ አለቀ። ከዘፋኙ ጋር ዓመት ከዓመት ተቀምጦ «ይሄን ቀንሰው፣ እዚህ ጋ ዝም በል» የሚለው ሰው የለም። እንዲህ ያለው ሰው የግድ ከኒውዮርክ መምጣት የለበትም፤ ከዚሁ ከጎረቤታችን ከፓዌም ቢመጣ ይበቃል።