«ተለዋዋጮችህ የታሉ?»

በማኔጅመንት ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሰው የመመረቂያ ጽሑፉን ፕሮፖዛል ይዞ ሲቀርብ ገና አፉን ሳይከፍት «ተለዋዋጮችህ የታሉ?» ይባላል። ምን ለማወቅ እንደፈለገ ማንም ሳይጠይቀው! ጥያቄው መልሱን አብሮ ይዞ ስለሚመጣ ተማሪው አንድ ጥገኛ፣ አራት አምስት ነጻ ተለዋዋጮች ይሰበስባል፤ ርዕሱም ያው የታወቀው ይሆናል፦ የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ በእገሌ ባንክ። የሚቀጥለው ተማሪ ባንኩን በኢንሹራንስ፣ አመራሩን በማበረታቻ ይተካል። ሁለት ዓመት የተማረ ሰው የሌላውን ርዕስ ቀይሮ እንዲያቀርብ ማድረግ ትምህርቱን መበደል ነው።

ሌላው ሁሉ ይቅርና መጠይቁን ብቻ እንየው። አንድ ሠራተኛ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ፣ «አለቃዬ ለሥራ ያነሣሣኛል» ለሚለው ከ1 እስከ 5 ያከብባል፤ ገጹን ገልጦ ደግሞ «ሥራዬን በብቃት እወጣለሁ» ለሚለው ከ1 እስከ 5 ያከብባል። ከዚያ ሁለቱ መልሶች በስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ በኤስፒኤስኤስ ተዛምደው «ተጽዕኖ ተገኘ» ይባላል። ምን ተገኘ? በዚያ ቀን ደስ ያለው ሰው ሁለቱንም ከፍ አድርጎ፣ የተከፋው ሁለቱንም ዝቅ አድርጎ ቢሞላ ውጤቱ ያው ነው። አለቃ ሥራን መለወጡን ሳይሆን አንድ ሰው ከራሱ ጋር መስማማቱን ነው የለካነው። የዘርፉ ተመራማሪዎች ራሳቸው ስለዚህ ስህተት ለአሥርተ ዓመታት አስጠንቅቀዋል። በዚህ ላይ መጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚታደለው በሰው ሀብት ክፍል በኩል ነው። ግምገማ ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ አለቃው ሲጠየቅ 3 ላይ ወይም 4 ላይ ማክበቡ ራሱን መጠበቁ ነው። ተማሪው ግን ወረቀቱን እንደ እውነት ይደምረዋል፤ የናሙናው ቁጥር የተለመደው 384 ከሆነም ጥናቱ ጸና ይባላል። የተንሻፈፈ ሚዛን 384 ጊዜ ቢመዘንበት አይቃናም።

የሚያሳዝነው ይህንኑ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ስለ ሆውቶርን ጥናት ማስተማራችን ነው። በቺካጎ አጠገብ በሚገኘው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1932 የተካሄደው ጥናት መደምደሚያው በቃል ይጠናል፤ የተገኘበት መንገድ ግን ይዘለላል። በ1928 የተጀመረው ቃለ መጠይቅ በተዘጋጁ ጥያቄዎች ነበር። ሠራተኞቹ ከተጠየቁት እየወጡ የራሳቸውን ጉዳይ ማውራት ሲመርጡ ተመራማሪዎቹ የጥያቄ ዝርዝራቸውን ትተው ማዳመጥ ጀመሩ። ቀጥሎ በአንድ ክፍል 14 ወንድ ሠራተኞችን አስቀምጠው፣ ታዛቢ አብሯቸው እንዲውል አድርገው ለወራት ተከታተሉ። ብዙ ያመረተ ብዙ በሚያገኝበት ክፍያ እየሠሩ፣ ሠራተኞቹ በቀን ከዚህ አንበልጥም የሚል ያልተጻፈ ልክ ነበራቸው፤ ያለፈውን ባልደረቦቹ በፌዝና ክንዱን በቡጢ በመምታት ይመልሱት ነበር። ይህን የትኛው ባለ አምስት ነጥብ መጠይቅ ያወጣው ነበር?

እንዲህ ይጠና ስንል አማካሪዎች «ጊዜ የለም፤ ተማሪው የማታ ነው፤ ደግሞም ከጥቂት ሰዎች ተነሥቶ አጠቃላይ ድምዳሜ አይሰጥም» ይሉናል። የማኔጅመንት ተመራማሪው ሄንሪ ሚንትዝበርግ አምስት ሥራ አስኪያጆችን እያንዳንዳቸውን ለአንድ ሳምንት ነው የተከታተለው፤ በድምሩ አምስት ሳምንት። 890 ደብዳቤዎችንና 368 ንግግሮችን መዝግቧልና ቁጥርን የናቀ ሰው አልነበረም። የቆጠረው ግን የተሠራውን እንጂ ሰዎች ስለ ራሳቸው ያሉትን አይደለም። በ1973 የታተመው መጽሐፉ ሥራ አስኪያጅ ተረጋግቶ ያቅዳል፣ ያደራጃል፣ ይቆጣጠራል የሚለውን ሥዕል አናጋው፤ ከተመዘገቡት ተግባራት ግማሽ ያህሉ ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ የማይሞሉ ነበሩ። ከሌሎች አገሮች ጋር የሚነጻጸር ቁጥር ያስፈልጋል ለሚሉም፣ ጽሑፎቻችን ስለ ኢትዮጵያ ሠራተኛ ባሕርይ የሚጠቅሱት የባህል ንጽጽር ተመራማሪው ሆፍስቴድ ከአይቢኤም ሠራተኞች መጠይቅ ተነሥቶ በቀደሙት ሠንጠረዦቹ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ዛምቢያን «ምሥራቅ አፍሪካ» ብሎ በአንድ ነጥብ እንዳሰፈራቸው ይታወቅ። ተነጻጽሯል፤ ስለ እኛ ግን ምን ነገረን?

በየሰፈራችን ደመወዝተኛ ሥራ አስኪያጅ የሌለው፣ በዳኛ፣ በጸሐፊና በገንዘብ ያዥ የሚመራ፣ ከቀብር የቀረን አባል የሚቀጣ፣ ድንኳንና ወንበሩን ለዓመታት ጠብቆ የሚያቆይ እድር አለ። ሰው ያለ ደመወዝ ለምን ይታዘዛል? ገንዘብ ያዡን የሚቆጣጠረው ማነው? መተዳደሪያ ደንቡ ዝም ባለበት ጉዳይ ማን ይወስናል? እነዚህ የድርጅት ንድፈ ሐሳብ ዋና ጥያቄዎች ናቸው፤ የሚመለሱትም መዝገቡን በማንበብና ስብሰባው ላይ በመቀመጥ ነው። የባንክ ቅርንጫፍም፣ የቀበሌ መስኮትም እንዲሁ። ይህን ሊያጠና የመጣን ተማሪ በ«ተለዋዋጮችህ የታሉ?» የምትመልሱ አማካሪዎች፣ የሚንትዝበርግ ሥራ የአንድ ተማሪ የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፍ እንደነበረ አስታውሱ። በዚህ ዓመት ከተማሪዎቻችሁ ቢያንስ አንዱ መጠይቁን ትቶ አምስት ሳምንት አንድ ቢሮ ውስጥ እንዲቀመጥ ፍቀዱለት።