ልጅን ለሌላ ሃይማኖት መምህር አደራ ስለ መስጠት

አባት ልጁን ለትምህርት በሰጠ ጊዜ እጁን ይዞ የሚያደርሰው እስከ ደጃፉ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በመምህሩ እጅ ነው። መምህሩም የሌላ ሃይማኖት ሰው የሆነ እንደ ሆነ የወላጅ ልብ በሁለት ይከፈላል። ዕውቀቱን ይወዳል፤ ነገር ግን ልጁ ከአባቶቹ ሃይማኖት እንዳይወጣበት ይፈራል። ስለዚህ ዛሬ ከአራዳ በራስ መኰንን ድልድይ አልፎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወጣው በኩል ስለ ተሠራው ስለ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ በዚያም ወንዶች ልጆችን ስላስተማሩት የካቶሊክ መምህራን ጥቂት እንናገራለን።

አስቀድሞ ግን ፍርሃቱ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባል። ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር ሰዎች በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገራችን ሳሉ፣ ንጉሡ ሃይማኖታቸውን ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ስላዘዙ ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻም ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን ሃይማኖት በዐዋጅ መለሱ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ። ይህ ነገር ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯልና፣ ወላጆች ካቶሊክ መምህርን ቢጠራጠሩ የሚያስነቅፍ አልነበረም።

ሆኖም ጥርጣሬውን በጥበብ ያለፉ አባት ነበሩ። ራስ መኰንን በሐረር ሳሉ ስለ ልጃቸው ስለ ተፈሪ ትምህርት የካቶሊኩን ጳጳስ አባ እንድርያስ ዣሮሶን አማከሩ፤ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህንም ልጁን አስተማሩ። ተማሪውም ፈረንሳይኛን ዐውቆ በአባቱ ሃይማኖት ጸንቶ አደገ። አባ ሳሙኤል በ1915 እ.ኤ.አ. በሐረማያ ሐይቅ ሰጥመው ሞቱ፤ ደቀ መዝሙራቸው ግን ውለታቸውን አልዘነጉም።

እኒሁ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ከሆኑ በኋላ ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት መርቀው ከፈቱ። በመጀመሪያም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የበላይ ተቈጣጣሪ ሆኑለት። በጠላት ወረራ ዘመን ትምህርቱ ተቋረጠ። ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ መምህራንን ሲፈልጉ በ1945 እ.ኤ.አ. ከካናዳ የጠሩት እነዚያኑ ኢየሱሳውያንን ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ ካስወጧቸው ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

እንግዲህ የታሪኩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት እንጂ የካቶሊክ አልነበረም። ስለዚህ መምህራኑ የመጡት ሊያስተምሩ እንጂ ሊሰብኩ እንዳይሆን አስቀድሞ ተነገራቸው። እነርሱም የካህን ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም መምህር ለብሰው ወደ ክፍል ገቡ፤ የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሲሆኑም በእንግሊዝኛ አስተማሩ። አለቃቸው ሉሲየን ማት ትምህርት ቤቱን በትጋት መሩት፤ በ1950 እ.ኤ.አ. በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ብዙዎቹ በመንግሥት ሥራ ላይ ተሰማሩ። ትምህርት ቤቱም ከ1966ቱ አብዮት በኋላ እንጦጦ ተባለ።

ሰው ሆይ፣ ሁለቱን ዘመናት አስተያይ። ማኅበሩ ያው አንዱ ማኅበር ነው። በፊተኛው ጊዜ ትምህርትና ሃይማኖት ተቀላቅለው በትእዛዝ ስለ መጡ አገር ታወከ፤ በኋለኛው ግን ወሰኑ አስቀድሞ ስለ ተለየ አገር ተጠቀመ። ለዚህም የሚመሰገነው ወሰኑን ያበጀ ብቻ አይደለም፤ የክህነት ልብሱን አስቀምጦ ወሰኑን የጠበቀም ይመሰገናል።

ስለዚህ ለወላጆች የምንመክረው ይህ ነው። ልጃችሁን ለሌላ ሃይማኖት መምህር ስትሰጡ የምትፈልጉትንና የማትፈልጉትን በመጀመሪያው ቀን በግልጥ ተናገሩ፤ ከዚያም በኋላ መምህሩን በየቀኑ አትጠርጥሩት። ጸሎቱን፣ ጾሙንና የአባቶችን ታሪክ ማስተማር ግን የቤታችሁ ሥራ መሆኑን አትርሱ። በቤቱ ምንም ሳይማር የቀረ ልጅ ሃይማኖቱን ቢተው መምህሩን መውቀስ አይገባም፤ በቤቱ የተማረ ልጅ ግን ከሩቅ አገር የመጣውን ዕውቀት ተቀብሎ ወደ እናት አባቱ በደኅና ይመለሳል።