ስለ ሰንጢ እጀታ፤ ከስለቱ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው

ነጋዴ ሰንጢ ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ስለቱ ነው። ብረቱ የየት አገር ነው፤ ይዝጋል ወይስ አይዝግም፤ ከተሳለ በኋላ ምን ያህል ይቆያል እያለ ይመረምራል። ለሥጋ ቤትና ለእርሻ ለሚሸጥ ቢላዋ ይህ አጠያየቅ ነቀፋ የለበትም። ተሰብስቦ ለሚቀመጥ፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል ተብሎ ለሚገዛ ታጣፊ ሰንጢ ግን አጠያየቁ መገልበጥ አለበት። አንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ብረት፣ በአንድ ቅርጽ የሠራቸው ሁለት ሰንጢዎች ዋጋቸው እጅግ ሊራራቅ ይችላል፤ ልዩነቱም የሚመጣው ከእጀታቸው ነው።

በአሜሪካ አገር፣ በፔንሲልቫኒያ፣ በብራድፎርድ ከተማ የሚገኘው የኬስ ፋብሪካ ይህን ነገር በቁጥር ጽፎታል። በስለቱ ላይ ከሚታተመው የሞዴል ቁጥር የመጀመሪያው አኃዝ የእጀታውን ዓይነት ይናገራል፤ 5 የአጋዘን ቀንድ፣ 6 የተፈለፈለ አጥንት፣ 8 የዕንቁ ዛጎል ነው። 6254 ቢል እጀታው አጥንት፣ ስለቱ ሁለት፣ የቅርጹ መለያም 54 ማለት ነው፤ 5254 ደግሞ ያው ሰንጢ ሆኖ የአጋዘን ቀንድ የለበሰው ነው። ይሁን እንጂ በስድስት ቁጥር ሥር አጥንት የሚመስል ፕላስቲክ የተደረገበትም ዘመን ስለ ነበረ፣ ቁጥሩን አንብቦ ዓይንን መጨፈን አይገባም።

ከተፈጥሮ እጀታዎች ሁሉ ለነጋዴ ኪስ የሚታመነው አጥንት ነው። የሚሠራውም ከቀንድ ከብት የቅልጥም አጥንት ነው፤ ስቡ ይወጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም በመኪና እየተፈለፈለ የአጋዘን ቀንድ ዓይነት ሸካራነት ይሰጠውና በቀለም ይነከራል። ሰንጢው በኪስ ውስጥ ብዙ ዘመን ሲኖር ሸካራው እየለሰለሰ፣ ቀለሙም እጅ በሚነካው በኩል እየሳሳ ይሄዳል፤ ሰብሳቢዎች የሚወዱት ይህንኑ መልክ ነው። (በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ የሆነችው ኢትዮጵያ ከዚህ ጥሬ ዕቃ የምታገኘውን ጥቅም የቆዳ ላኪዎች አንድ ቀን ሊያስቡበት ይችላሉ፤ የዛሬው ጉዳይ ግን የመግዛት ነው።) እውነተኛውን አጥንት ከምስሉ ለመለየት አጉሊ መነጽር ይበቃል። በአጥንት ላይ ደም ይመላለስባቸው የነበሩት ቀጫጭን መንገዶች እንደ ነጠብጣብና እንደ ጭረት ሆነው ይታያሉ፤ በፕላስቲክ ላይ አይታዩም። ዴልሪን የሚባለውና የዱፖንት ኩባንያ በ1960 ለገበያ ያቀረበው ፕላስቲክ ደግሞ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ስለሚሠራ፣ ፍልፍሉ ከአንዱ ሰንጢ ወደ ሌላው ሳይለወጥ ይደጋገማል። ስለዚህ ሻጩ ስድስት ሰንጢ ቢልክ ስድስቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንዳንድ ሰዎች የጋለ መርፌ በእጀታው ላይ ተክሎ ሽታውን ማሽተት ይመክራሉ። ይህ መጥፎ ምክር ነው። ዕቃው እውነተኛ አጥንት ሆኖ ቢገኝ ከዚያች ቀን ጀምሮ የተበሳ ዕቃ ነው፤ ሴሉሎይድ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ እሳት ነው።

ሴሉሎይድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት በ1870ዎቹ ዓመታት ለገበያ ያበቃው ይህ ነገር የዝሆን ጥርስን፣ የኤሊ ቅርፊትን፣ የዕንቁ ዛጎልን መልክ ሁሉ ስለሚቀበልና ዋጋውም ዝቅ ያለ ስለ ነበረ፣ በአሮጌ ሰንጢዎች ላይ እጅግ ብዙ ይገኛል። ውበቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከጥጥና ከናይትሪክ አሲድ የሚወለድ ስለ ሆነ ጭስ የሌለው ባሩድ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ሲያረጅም የሚያወጣው እንፋሎት ብረቱን ያዝጋል፣ ናሱን ያረነጓድዳል፣ አጠገቡ ለተቀመጠውም ዕቃ ይተርፋል።

አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ይህን የተማረው በኪሣራ ነው። ለደንበኞቹ የሚሆኑ 24 አሮጌ ሰንጢዎች ባንድ ጥቅል ከውጭ አገር ገዝቶ፣ ሁሉንም በወረቀት ጠቅልሎ በአንድ የቆርቆሮ ሣጥን ከቶ፣ ሣጥኑንም በካዝና ቆለፈበት። ጠንቃቃ ሰው ነበርና ይህ ለእርሱ ጥንቃቄ መስሎት ነበር። በዓመቱ ለአንድ ደንበኛ ሊያሳይ ሲከፍተው የካምፎር ሽታ አፍንጫውን መታው። የሦስት ሰንጢዎች ብጫ እጀታ እንደ ደረቀ ሙጫ ተሰነጣጥቆ ፈርሷል፤ ምንም ነቀፋ ያልነበረባቸው የሌሎች ዘጠኝ ሰንጢዎች ስለትና ሞላም ዝገት በልቶታል። ከዘጠኙ መካከል ሁለቱ በጥቅሉ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ ዋጋቸው የከበደ ነበሩ። ነጋዴው ለሻጩ ጻፈ። ሻጩም ፋክቱሩ እንዲታይ መለሰ፤ ቢታይ “ባለ ብጫ እጀታ፣ 3” ከማለት በቀር ስለ ዕቃው ዓይነት አንዳች ቃል አልተጻፈበትም። ባልተጻፈው ነገር የሚጠየቅ አልተገኘም።

ሴሉሎይድ ፈጽሞ አይገዛ ማለት ልክ አይሆንም፤ የሚፈልገው ሰብሳቢ አለና። ነገር ግን ለብቻው፣ ነፋስ በሚገባበት፣ ፀሐይና ሙቀት በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። በየወሩም ይታይ፤ ከእጀታው አጠገብ ያለው ብረት መዛግ ከጀመረ ከሌላው ዕቃ ፈጥኖ ይለይ። በተቆለፈ ካዝናና በመስኮት መስተዋት ሥር ግን ቦታ የለውም።

ስለ ዝሆን ጥርስ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ አይገዛ። በአራዊትና በዕፅዋት የውጭ ንግድ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት (ሳይተስ) አባል አገሮች በ1989 በሎዛን ተሰብስበው የአፍሪካ ዝሆንን ለንግድ ከተከለከሉት መዝገብ ካገቡት ወዲህ፣ የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለው ሰንጢ ከአገር ወደ አገር ማሻገር ለነጋዴ የጉምሩክ ጣጣ ነው። ብዙ ሻጮች “አሮጌ ነው፤ ከክልከላው በፊት የተሠራ ነው” ይላሉ። ይህ በሼፊልድ ሱቅ ውስጥ እንኳ የማይሠራበት ጊዜ ደርሷል። የብሪታንያ የ1918 ሳይሆን የ2018 ዓመት የዝሆን ጥርስ ሕግ፣ በ2022 ሥራ ላይ ሲውል፣ ከ1947 በፊት ለተሠሩ ዕቃዎች የሰጠው አንዱ ፈቃድ የዝሆን ጥርሱ ከዕቃው መጠን ከ10 በመቶ በታች ለሆነው ነው፤ ሁለት ጎኑ በሙሉ የዝሆን ጥርስ የለበሰ ሰንጢ በዚህ ልክ ሊያልፍ አይችልም። የኢትዮጵያ መንግሥትም በመጋቢት 2015 በአዲስ አበባ 6 ቶን የሚያህል የተያዘ የዝሆን ጥርስ በእሳት አቃጥሏል። በገዛ ከተማው ይህን ያየ ነጋዴ ገንዘቡን በዚያው ዕቃ ላይ ቢያውል የሚያዝንለት አያገኝም። አጥንት ነው ተብሎ የቀረበ ነጭ እጀታም በመነጽር ይታይ፤ በጫፉ በኩል እርስ በርሳቸው የሚቋረጡ ቀጫጭን መሥመሮች ከታዩ የዝሆን ጥርስ ነውና ይመለስ።

የአጋዘን ቀንድ በክብር ከአጥንት በላይ ይቆጠራል። ከሁሉ የተመረጠው ሳምበር የሚባለው የህንድ አጋዘን ቀንድ ነበር፤ ህንድ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከከለከለች ወዲህ በአሮጌ ሰንጢዎች ላይ ያለው ዋጋው ከፍ ብሏል። የላም ቀንድ፣ በፈረንሳይ አገር የላጊዮል ሰንጢ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ ሲወለወል እጅግ ያምራል፤ ነገር ግን በደረቅ አየር ይኮማተራል፣ በችንካሩ ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ ብልም ይበላዋል። የዕንቁ ዛጎል ሲነካ ቀዝቃዛ ነው፣ መልኩም በብርሃን ይለዋወጣል፤ ከእጅ ወድቆ ወለል ቢነካ ግን ሊሰበር ይችላል። ከእንጨት ወገን፣ ሮዝውድ የሚባለውና ዘመዶቹ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ ያለ ፈቃድ ወረቀት እንዳይሻገሩ ተደርጎ ነበር፤ በ2019 የተሠሩ ዕቃዎች በአንድ ጭነት የእንጨቱ ክብደት እስከ 10 ኪሎ ድረስ እንዲያልፉ ተፈቅዷል። የብራዚሉ ሮዝውድ ግን በዚህ ፈቃድ ውስጥ አይገባም።

ሰው ሠራሽ እጀታን የሚንቁ ነጋዴዎች አሉ፤ ንቀታቸው ያለ ቦታው ነው። ሚካርታ የሚባለው፣ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ከመቶ ዓመት በፊት ጨርቅንና ወረቀትን በሙጫ አጣብቆ ያወጣው ዕቃ፣ አይኮማተርም፣ አይሰነጠቅም፣ በእጅ ላብም መልኩ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ዌስቲንግሃውስ ራሱ የሠራውን አሮጌውን ሚካርታ ዛሬ ሰብሳቢዎች እየፈለጉ ይገዙታል። የመስተዋት ጭረትና ሙጫ የተዋሐዱበት ጂ አሥር፣ ካርቦን ፋይበርና ቲታኒየም ከዚህ የሚቀጥሉ ናቸው፤ አየር የሚለዋወጥበት አገር ለሚኖር ገዢ ከቀንድ ይልቅ እነዚህ ያስተማምናሉ።

ከዕቃው ዓይነት ይልቅ የሚከብድ አንድ ነገር ግን አለ፤ እጀታው ፋብሪካው ራሱ ያደረገው መሆኑ ነው። የስዊስ ጦር ሠራዊት የወታደር ሰንጢ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የ1890 ሞዴል እጀታው ጥቁር ቀለም የተነከረ እንጨት ነበር፤ በ1908 ፋይበር በሚባል የታመቀ ወረቀት ተለወጠ፤ በ1961 ደግሞ አሉሚኒየም ሆነ። አሮጌው እንጨት ተሰንጥቆ ሳለ፣ በዚያ ምትክ ያማረ ዞጲ የተደረገለት የ1890 ሰንጢ ቢቀርብ፣ ለዓይን ቢያምርም ሰብሳቢው የሚከፍለው ከተሰነጠቀው ያነሰ ነው። የተለወጠ እጀታ የሚታወቀው በችንካሩ ነው፤ የችንካሩ ራስ አዲስ ሆኖ የውስጡ ናስ ካረጀ፣ ወይም እጀታውና የጫፉ ብረት ሲገናኙ ጣት የሚያደናቅፍ ክፍተት ካለ፣ መጠየቅ ይገባል።

ያ ሣጥኑ የተበላሸበት ነጋዴ ዛሬ ዕቃ ሲያዝ በደብዳቤው አራት ነገር ይጽፋል፤ የየአንዳንዱ ሰንጢ እጀታ ከምን እንደ ተሠራ በፋክቱሩ ላይ በስሙ ይጻፍ፤ እጀታው ከተለወጠ ይገለጽ፤ ሴሉሎይድ ካለ ለብቻው ይታሸግ፤ የሁለቱም ጎን ፎቶግራፍ ይላክ። ከሦስት ሻጮች ሁለቱ በሳምንት ውስጥ መለሱ። ሦስተኛው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ጻፈ እንጂ ስለ እጀታው አልመለሰም፤ የእርሱም ዕቃ አልታዘዘም።