ድሪቶም በቀለም ያምራል

የቤትና የእጅ ሥራ ዓምዳችን ዛሬ ስለ ድሪቶ ይናገራል።

ድሪቶን የማያውቅ የለም። ያረጀ ልብስ፣ የተቀደደ ሸሚዝ፣ የተረፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይለቀማል። ከዚያም አንዱ ከአንዱ ጋር ተደርቶ ይሰፋል። ይህ ነው ድሪቶ።

ድሪቶ ያሞቃል። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ያፍርበታል። እንግዳ ሲመጣ «ኧረ ያን ድሪቶ አንሡት!» ይባላል። በችኮላ ተጠቅልሎ ከአልጋ ሥር ይገባል። ቃሉ ራሱ የድህነት መሰደቢያ ሆኗል። ልጆችን ሌሊቱን ሙሉ ከብርድ ያዳነ ጨርቅ፣ ሲነጋ ይደበቃል።

ለመሆኑ ሰው የሚያፍረው በምኑ ነው? በጨርቁ አሮጌነት ነውን? አሮጌ ጋቢ ለብሶ የሚያፍር ሰው የለም። ንጹሕ ከሆነ አሮጌ ጋቢ ክብር አለው። ድሪቶን የሚያሳፍረው ጨርቁ እንደ መጣ መሰፋቱ ነው። ቀዩ ከቀይ አጠገብ ይወድቃል። ጥቁሩ በአንድ ወገን ይከማቻል። አበባው ከአበባ ጋር ይደባለቃል። ዐይን ማረፊያ ያጣል።

ያው ጨርቅ፣ በዚያው መርፌና ክር፣ ቀለሙ ተመርጦ ቢሰፋስ? ያማረ አልጋ ልብስ ይሆናል። ብር አይጨምርም። ትንሽ ማሰብን ብቻ ይጠይቃል።

ጨርቁ ከየት ይገኛል?

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የአዲስ አበባ ጎረቤቶች ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ከእንጦጦ ወዲያ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲመሠረት ሦስቱም በውስጡ ተጠቃለዋል። ሦስቱም ደጋ ናቸው። በተለይ የሱሉልታ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በክረምት ደግሞ ብርዱ ላይ እርጥበት ይጨመራል። እንዲህ ባለ አገር አንድ ብርድ ልብስ ለሦስት ልጆች አይበቃም።

ደግነቱ ጨርቅ ሩቅ አይደለም። በየገበያው ልብስ ሰፊ አለ። ከመኪናው ሥር ቁርጥራጭ ይወድቃል። በቤትም ያረጀ ሸሚዝና ቀሚስ አይጠፋም። ሰልባጅም አለ።

እስቲ በሰበታ ገበያ እንዲህ ያለ ንግግር ተደረገ እንበል።

«ልጄ፣ ከሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ ትሰጠኛለህ?»

«ይውሰዱ እማማ። ምን ሊሠሩበት ነው?»

«ለልጅ ልጆቼ ድሪቶ ልሰፋ።»

«እንግዲያው የዛሬውን ብቻ ይዘው አይጀምሩ። የዛሬው ሁሉም ጥቁር ነው። በሚመጣው ሳምንት የተማሪ ልብስ እሰፋለሁ። ነጭና ሰማያዊ ይተርፈኛል። ያን ጊዜ ይምጡና ይጨምሩበት።»

ልብስ ሰፊው እውነቱን ነው። ጥሩ ድሪቶ በአንድ ቀን ጨርቅ አይሠራም። ጨርቁን በከረጢት እያጠራቀማችሁ ቆዩ። ምርጫ የሚኖረው ክምችት ሲኖር ነው።

መጀመሪያ ማጠብና መለየት

የተሰበሰበውን ጨርቅ ሁሉ ሳትቆርጡ እጠቡ። ይህ ለንጽሕና ብቻ አይደለም። ቀለሙ የሚለቅ ጨርቅ የሚታወቀው ሲታጠብ ነው። በተለይ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ያሠጋሉ። እርጥቡን ጨርቅ በነጭ እራፊ ላይ አድርጋችሁ በእጃችሁ ተጫኑት። ነጩ ከቀላ ወይም ከሰመየ፣ ጨርቁ ገና እየለቀቀ ነው። ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግማችሁ እጠቡት። አሁንም ከለቀቀ ተዉት። አንድ ክፉ ቀይ ሌላውን ሁሉ ያበላሻል።

ቀጥሎ ጥጡን ከፖሊስተር ለዩ። ጥጥ በእጅ ሲታሸት ይጨማደዳል፤ ውኃም ቶሎ ይጠጣል። ካልለየላችሁ አንድ ክር መዛችሁ በክብሪት ሞክሩ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፤ አመዱም ለስላሳ ነው። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ይህን ስትሞክሩ ውኃ አጠገባችሁ ይኑር፤ ልጆችም ይራቁ። ወፍራሙን ከወፍራም፣ ስሱን ከስስ ጋር ማድረግም ይበጃል። ስሱ ጨርቅ ከወፍራም ጋር ከተሰፋ በስፌቱ በኩል ይቀደዳል።

ሦስት ክምር

አሁን ወደ ቀለሙ እንመለስ። ብዙ ሰው «ቀይ ከምን ጋር ይሄዳል?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። ይኸውም «ይህ ጨርቅ ነጣ ያለ ነው ወይስ ጠቆር ያለ?» የሚለው ነው።

ጨርቁን በሦስት ክምር ክፈሉት።

1ኛ ክምር፦ ነጣ ያሉ። ነጭ፣ ክሬም፣ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ፈዛዛ ቢጫ።

2ኛ ክምር፦ መካከለኛ። ግራጫ፣ ብርቱካንማ፣ ለጋ አረንጓዴ።

3ኛ ክምር፦ ጠቆር ያሉ። ጥቁር፣ ቡናማ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጠቆር ያለ አረንጓዴ።

የት እንደሚገባ ያልለየላችሁ ጨርቅ ካለ፣ ከሌሎቹ ጋር ዘርጉትና ዐይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ቀለሙ ደብዘዝ ይላል፤ ንጣቱና ጥቁረቱ ግን ጎልቶ ይታያል። ይህን በቀን ብርሃን፣ በር ላይ ሆናችሁ አድርጉት። ሲመሻሽ ቀይ ከወትሮው ይጠቁራል፤ ሰማያዊ ደግሞ ይፈካል። በኩራዝና በሻማ ብርሃን ደግሞ ፈዛዛ ቢጫና ነጭ አንድ ይመስላሉ። ማታ የመረጣችሁት ጠዋት ያስደነግጣችኋል።

ነጣ ያለው ጠቆር ካለው አጠገብ ከተሰፋ፣ ድሪቶው ሥርዓት ይይዛል። ቀለሞቹ የተለያዩ ቢሆኑም እንኳ ዐይን መንገዱን አያጣም።

ከስፌት እንማር

እናቶችና እኅቶች፣ ይህ ለእናንተ አዲስ ትምህርት አይደለም። መሶብ የሰፋች ሴት ታውቀዋለች። አለላ ማለት በቀለም የተነከረ የስፌት ሣር ነው። አለላው የሚያምረው ባልተነከረው ሣር መካከል ሲገባ ነው። መሶቡ በሙሉ ቀይና ወይን ጠጅ ቢሆን ማን ያየው ነበር? የነጠላ ጥለትም እንዲሁ ነው። ጥለቱ ደምቆ የሚታየው ነጩ ሰፊ ስለሆነ ነው።

የመስከረምን ሜዳ አስቡ። አረንጓዴው ብዙ ነው። አደይ አበባው በመካከሉ ጣል ጣል ይላል። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ቀለም ምረጡና መጠናቸውን ለዩ። አንዱ ይብዛ። ሁለተኛው ይነስ። ሦስተኛው ጥቂት ይሁን። ወጥም የሚጣፍጠው እንዲህ ነው። ሽንኩርቱ ይበዛል፤ በርበሬው በልክ ነው፤ ጨው ግን ጥቂት ይበቃል። ደማቅ ቀይ ወይም ደማቅ ቢጫ የድሪቶ ጨው ነው።

አበባ ያለበት ጨርቅ ካላችሁ ከአበባ ጋር አታጎራብቱት። አጠገቡ ልሙጥ ጨርቅ አድርጉ። ባለመስመሩንም እንዲሁ። ልሙጥ ጨርቅ ለዐይን ማረፊያ ነው።

ጎረቤት ቀለምን ይለውጣል

ቀለም ብቻውን አይታይም። ጎረቤቱ ይለውጠዋል። ካላመናችሁ ሞክሩ። አንድ ግራጫ ጨርቅ ለሁለት ቁረጡ። አንዱን በጥቁር ጨርቅ፣ ሌላውን በነጭ ጨርቅ ላይ አድርጉ። በጥቁሩ ላይ ያለው የፈካ ይመስላል። በነጩ ላይ ያለው የጠቆረ ይመስላል። ጨርቁ ግን አንድ ነው።

ይህን ነገር ሚሼል ሸቭረል የተባሉ የፈረንሳይ ሊቅ አጥንተውታል። በፓሪስ ከተማ ጎብለን በተባለ የሽመና ቤት የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ነበሩ። በዚያ ቤት የግድግዳ ጌጥ ጨርቅ ይሸመን ነበር። «ጥቁሩ ክር ደካማ ነው» የሚል አቤቱታ መጣ። ሸቭረል ክሩን መረመሩ። ክሩ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ጥቁሩን ያደከሙት በአጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክሮች ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1839 ስለዚሁ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። እሳቸውም 102 ዓመት ኖረዋል።

ለእኛ ትርጉሙ ይህ ነው። «ይህ ጨርቅ አስቀያሚ ነው» ብላችሁ ከመጣል በፊት ጎረቤቱን ለውጡለት። የደበዘዘ ቡናማ ከክሬም አጠገብ ሊያምር ይችላል።

ስንት ቁራጭ ይበቃል?

ከካርቶን 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መለኪያ ቁረጡ። አንድ ስንዝር ያህል ነው። ሁሉንም ጨርቅ በዚሁ መለኪያ ቁረጡ። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ይገባል። የሚቀረው 18 ሳንቲ ሜትር ነው።

በወርዱ 8 ቁራጭ አድርጉ። 8 ጊዜ 18፣ 144 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

በቁመቱ 11 ቁራጭ አድርጉ። 11 ጊዜ 18፣ 198 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

ጠቅላላው 8 ጊዜ 11፣ 88 ቁራጭ ነው። ከእነዚህ 44 ነጣ ያሉ፣ 44 ጠቆር ያሉ ይሁኑ። አንድ ነጣ ያለ፣ አንድ ጠቆር ያለ እያላችሁ ደርድሩ። ሁለተኛው ረድፍ በጠቆረው ይጀምር። ከ44ቱ ጠቆር ያሉ 8ቱን ቀይ ብታደርጉ ያ ጨዋችሁ ነው። በአንድ ረድፍ ከአንድ ቀይ በላይ አታስገቡ። መካከለኛ ቀለም ያለው ጨርቅ ቢገባ፣ ለጎደለው ወገን መሙያ ይሁን።

ከመስፋት በፊት ዘርጉ

ቁራጮቹን በንጹሕ ጆንያ ወይም በአልጋ ላይ ዘርጉ። ገና አትስፉ። አሥር እርምጃ ራቁና እዩ። ዐይናችሁን ጨፈን አድርጉ። በአንድ ወገን የጠቆረ ክምር ይታያል? ቦታ ለውጡ። ሁለት አበባ ተገናኝቷል? አለያዩ። ልጆችንም ጠይቁ። የሚተኙበት እነሱ ናቸው። ከተቻለ አሳድራችሁ ጠዋት እንደ ገና እዩት። መርፌ ከገባ በኋላ መፍታት ድካም ነው።

ከዚያም ረድፍ ረድፉን ስፉ። ረድፎቹን አያይዙ። ከሥሩ ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ በታች አቡጀዲ ወይም አሮጌ አንሶላ ገበር አድርጉ። ሦስቱን በየቁራጩ ማዕዘን በወፍራም ክር ቋጥሩ። ሙቀት የሚሰጠው ቀለሙ አይደለም። በድርብርቡ መካከል የሚያዘው አየር ነው። ጋቢም የሚያሞቀው አራት ድርብ ስለሆነ ነው።

ጠርዙን በአንድ ዓይነት ጠቆር ያለ ጨርቅ ክፈፉት። ሁለት ጥቅም አለው። እጅና ወለል የሚነካው ጠርዙ ስለሆነ እድፍ ቶሎ አይታይበትም። የተለያየውንም ቀለም እንደ ጥለት ሆኖ ይሰበስበዋል።

በሌላም አገር

በአሜሪካ አላባማ በሚባል ክፍለ ሀገር ጂስ ቤንድ የተባለ የገጠር መንደር አለ። ነዋሪዎቹ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁሮች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ካረጀ የእርሻ ልብስ የአልጋ ልብስ ይሰፉ ነበር። ሐሳባቸው ልጆቻቸውን ከብርድ ማዳን ነበር። ነገር ግን የፈዘዘውን ከጠቆረው ጋር ሲያጎራብቱ ያስተውሉ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ሥራዎቻቸው ሂዩስተን ከተማ ባለ ትልቅ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርክ ለሕዝብ ታዩ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሥራዎቹን በቴምብር ላይ አተማቸው። የጉልበቱ ቦታ የሳሳ የእርሻ ሱሪ በቴምብር ወጣ!

እንግዲህ የእኛስ ድሪቶ ስለ ምን ከአልጋ ሥር ይደበቃል? ነጣ ካለው ጠቆር ያለውን ለይታችሁ ስፉት። እንግዳ ሲመጣ አልጋው ላይ ይዋል።

ለውይይት

1. በቤታችሁ ካለው አሮጌ ልብስ ነጣ ያለው የትኛው ነው? ጠቆር ያለውስ?

2. ቀለም የሚለቅ ጨርቅ በምን ይታወቃል?

3. በወርዱ 6፣ በቁመቱ 8 ቁራጭ ያለው የሕፃን ድሪቶ ጠቅላላ ስንት ቁራጭ ይፈልጋል? ነጣ ያሉት ስንት ይሆናሉ?

4. በመንደራችሁ ድሪቶ የሚያሳፍር ነገር ነውን? ለምን?