ከኮርኒስ በላይ ስላለው ሙቀት

በዘመናችን የቤት አሠራር ብዙ ተለውጧል። ቀድሞ በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ የእንግዳ መቀበያ ቤት መብራት ከጣራው መካከል በሽቦ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። አሁን ግን አዲስ ቤት የሠራ ሰው መብራቱ በኮርኒሱ ውስጥ ተቀብሮ ፊቱ ብቻ እንዲታይ ይወዳል። ነገሩ ያማረ ነው። ዳሩ ግን የተንጠለጠለ አምፑል ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሲሰጥ፥ የተቀበረው መብራት ሙቀቱን የሚለቀው ዓይናችን በማያየው በኮርኒስና በቆርቆሮ መካከል ነው። በዚያ ስፍራ የጢስ ማውጫ ቱቦ ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ አደጋው እጥፍ ይሆናል።

ይህን የምጽፈው ከሰው ሰምቼ አይደለም። ቤቴን ባደስሁ ጊዜ ለሳሎኑ የቺፕውድ ኮርኒስ አሠርቼ ስድስት መብራቶች አስቀበርሁ። የማድ ቤቱ ምድጃ ቱቦ በግድግዳው አልፎ ከሳሎኑ ኮርኒስ በላይ ወደ ጣራ ይወጣል። ሠራተኛውም አንደኛው መብራት ለዚያ ቱቦ እጅግ እንደሚቀርብ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን መብራቶቹ በመስመር ካልተደረደሩ መልካቸው ይበላሻል ብዬ እንቢ አልሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በአንድ ብርዳማ ምሽት እንጀራ ሲጋገር፥ ባለቤቴ፦ «የሚቃጠል ላስቲክ ይሸተኛል፤ እስቲ ተነሥተህ እይ» አለችኝ። ከማድ ቤት የመጣ ሽታ ነው ብዬ ችላ አልሁ። ሁለተኛ ስትነግረኝ መብራቱን አጥፍቼ፥ መሰላል አቁሜ፥ መብራቱን ከቀዳዳው አወረድሁት። የሽቦው ልባስ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል፤ ከአጠገቡም አይጥ ከገለባና ከጆንያ ክር የሠራችው ደረቅ ጎጆ ነበር። ልጆቼ ተኝተው የነበሩት ከዚያው ክፍል አጠገብ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሠራተኛው አልነበረም።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። የቀድሞው አምፑል ከሚወስደው ኃይል ዘጠኝ እጁን ያህል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፤ ብርሃን የሚሆነው ጥቂቱ ነው። ሃሎጅን የሚባለውም እንደዚሁ እጅግ ይግላል። በሌላ በኩል የተለመደው የፕላስቲክ ልባስ ያለው ሽቦ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሳያቋርጥ እንዲሞቅ አልተሠራም። ቀን ፀሐይ ቆርቆሮውን ታሞቀዋለች፤ ማታ ምድጃው ቱቦውን ያግለዋል፤ መብራቱ የራሱን ይጨምራል። ልባሱ በየጥቂቱ ደርቆ ሲሰነጠቅ በ220 ቮልት የሚሄደው ኃይል ይራቆታል። እንጨትም ለብዙ ጊዜ በሙቀት ሲደርቅ በቀላሉ የሚቀጣጠል ይሆናል።

እንግዲህ የቤት አባወራና እመቤት ሊጠብቁት የሚገባው ይህ ነው።

አስቀድሞ ርቀት ነው። በአሜሪካ የሚሠራበት ደንብ፥ አንድ ንጣፍ ብቻ ያለው የምድጃ ቱቦ ከሚቀጣጠል ነገር ሁሉ 46 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ያዛል፤ ይህም በእኛ ልክ አንድ ክንድ ያህል ነው። በመሸፈኛ ለመነካት ያልተሠራ የተቀበረ መብራትም ብርድ ለመከላከል ከሚነጠፍ ነገር 7 ሳንቲ ሜተር ተኩል፥ ማለት አራት ጣት ያህል፥ ከእንጨት ደግሞ ቢያንስ 1.3 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ያዛል።

ሁለተኛው የመብራቱ ዓይነት ነው። 50 ዋት በሚፈጀው ሃሎጅን ፈንታ ከ5 እስከ 7 ዋት የሚፈጅ ኤል ኢ ዲ ተመሳሳይ ብርሃን ይሰጣል። ይሁን እንጂ እርሱም ከኋላው ስለሚሞቅ አየር ይፈልጋል፤ በሞቃት ስፍራ ሲታፈን ቶሎ ይበላሻል።

ሦስተኛው ንጽሕና ነው። በደጋው አገር ብርድን ለመከላከል ገለባ፥ ጆንያ ወይም አሮጌ ልብስ ከኮርኒስ በላይ መጎዝጎዝ አለ፤ መብራት ከተቀበረ ግን ይህ መነሣት አለበት። አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ በተወጠረበት ኮርኒስም መብራት መቅበር ፈጽሞ አይገባም።

አራተኛው የሽቦው መጋጠሚያ ነው። በናስትሮ ተጠቅልሎ የተተወ መጋጠሚያ አይበቃም፤ ስካቶላ በሚባለው ሣጥን ውስጥ ይዘጋ። ሥራውም ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሰጥ።

ሙቅ ወይም ቀዝቃዛ አየር የሚያስተላልፉ ቱቦዎች በኮርኒሳቸው ውስጥ ያሏቸው ሆቴሎችና ሕንፃዎችም አሉ። በዚያ ቀዳዳ ከመከፈቱ በፊት የቱቦው መንገድ ተለክቶ በኮርኒሱ ላይ ይሠመር፤ መብራቱ ቱቦውን ወይም ልባሱን አይንካ። ቀዝቃዛው ቱቦ ላብ ስለሚያወጣም ጠብታው በሽቦ መጋጠሚያ ላይ እንዳይወርድ ያስፈልጋል።

ስለ ጣራ ክብር ጎንደሬ ሌላ ነጋሪ አያሻውም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማችንን ባቃጠሉ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲጠፉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፎ፥ የመላእክት ፊት የተሣለበት ጣራው እስከ ዛሬ ይታያል። እንዲህ ያለ ሥዕል ባለበት ቤተ ክርስቲያን ጣራ በስቶ መብራት መቅበር አይገባም፤ መብራቱ ከሥዕሉ ርቆ በቅርስ ባለሙያ ምክር ይተከል።

እኔም በቱቦው ዙሪያ የነበረውን ቺፕውድ አስቆርጬ በቆርቆሮ አስተካሁ፤ መብራቱንም አስነሣሁ። ዛሬ በሳሎኔ አምስቱ መብራቶች በመስመር ሲታዩ ስድስተኛው ብቻውን ወጣ ብሎ ይታያል። እንግዳ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ሳላፍር እነግረዋለሁ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትን እኔ የተማርሁት ከባለቤቴ አፍንጫ ነውና፥ እናንተ ግን ሽታው ሳይመጣ መሰላሉን አቁሙ።